ከፎቶው ስር ምን ይጻፋል?

፩

ይህ ቦታ የፎቶው ነው።

 

 

ገና አልተፈቀደም።

፪

እስኪፈቀድ ልንገራችሁ። አዳማ፣ ዝናብ ጥሎ ያባራበት አንድ ከሰዓት። የጎሚስታው የአቶ ጥላዬ ልጅ ሚልኪያስ፣ በተነፋ የከባድ መኪና ከመነዳሪ መሀል ተዘፍዝፎ ኩሬ ላይ ይቀዝፋል። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የለውም። ቲሸርቱ ትከሻው ላይ ተቀዷል። እንዲህ የሚስቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሙሽራ «ትንሽ ቀና በይ» ስል ኖሬ፣ ማንንም ቀና በል ሳልል ያነሳሁት የመጀመሪያ ፎቶ ይህ ነው። በጣም እወደዋለሁ።

፫

የዐውደ ርእይ አዘጋጆችም ወደዱት። በትልቁ ታትሞ አደባባይ ሊሰቀል ሆነ። ከዚያ ወረቀት ላኩልኝ።

የልጁ ስም፦ ሚልኪያስ ጥላዬ
ዕድሜ፦ ስምንት
የወላጅ ፈቃድና ፊርማ፦

እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ፎቶው ይቀራል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ። መሳቅ ትችላላችሁ።

፬

የጎሚስታ ፊርማ ስትጠይቂ፦

ጎማ እየፈቱ ሳለ አትሂጂ።
ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው አፍንጫቸው ስር አትደቅኚ።
«እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ» አትበዪ።

ሁሉንም አደረግኩ።

አቶ ጥላዬ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ወረቀቱን ግን አልነኩትም።

«የልጅ ነገር ቆሞ አይጠየቅም» አሉኝ። «ሽማግሌ ላኪ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

፭

ሽማግሌ።

ለትዳር ይላካል፤ ለዕርቅ ይላካል። ለፎቶ ሲላክ ሰምቼ አላውቅም። የጨነቀኝን ለአከራዬ ለጋሽ ወርቅነህ ነገርኳቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ የሚልካቸው ሰው ከጠፋ ቆይቷል መሰለኝ፣ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጓደኛቸውን ሐጂ ኢብሳንና የዕድራችንን ጸሐፊ አስከትለው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ወጡ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ።

፮

ቃለ ጉባኤ

ጋሽ ወርቅነህ፦ አንቀመጥም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።

አቶ ጥላዬ፦ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?

ሐጂ ኢብሳ፦ የልጅዎን ፎቶ ለልጃችን እንዲፈቅዱልን።

(ልጃችን እኔ ነኝ። እንደ ደንቡ ደጅ ቀርቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን ገብቷል።)

አቶ ጥላዬ፦ የት ነው የሚሰቀለው?

ጋሽ ወርቅነህ፦ አደባባይ።

ወይዘሮ አስካለ፣ የልጁ እናት፦ በዚያ በተቀደደ ቲሸርት? የጥምቀት ልብስ አለው እኮ።

አቶ ጥላዬ፦ ከስሩስ ምን ይጻፋል?

ሽማግሌዎቹ ወደ በሩ ዞሩ።

፯

አላሰብኩበትም ነበር።

አቶ ጥላዬ ያኔ አንድ ነገር ተናገሩ። የጎረቤታቸው የአናጺው ልጅ አንድ ቀን በራፏ ላይ ስትጫወት አላፊ አግዳሚ ፎቶ ያነሳታል። ቆይቶ ፎቶው በእርዳታ ማሰባሰቢያ ካርድ ላይ ወጣ። ከስሩ «ይህችን ምስኪን ይርዱ» ይላል። አባቷ ያለ ዕዳ ቤቱን ያቆመ ሰው ነው። ልጅቱን ግን ትምህርት ቤት ምስኪኗ እያሉ አላስቀመጧት አሉ።

«ልጄ እየሳቀ ነው» አሉ። «ሳቁን ልመና እንዳታደርጉብኝ።»

አፈርኩ። ደንቡን ትቼ ገባሁና የፈለጉት ይጻፍ አልኳቸው።

«እኔን ምን ትይኛለሽ? እሱን ጠይቂው።»

ሚልኪያስ ከደጅ ተጠራ። ፎቶውን ለአዘጋጆቹ፣ ለወላጆቹ፣ ለሽማግሌዎቹ አሳይቻለሁ። ለእሱ አላሳየሁትም።

፰

ስልኬን ተቀብሎ ፎቶውን አየ። ከዚያ በግማሽ በበቀሉ ጥርሶቹ ሳቀ።

«ቲሸርቱ ይሁን» አለ፣ እናቱን ሳያይ። «ከስሩ ግን እኔ ነኝ የምጽፈው።»

አቶ ጥላዬ እስክሪብቶውን መጀመሪያ ለልጃቸው ሰጡ። ልጁ ከቅጹ ጀርባ ጻፈ። አባትየው አንብበው ለወይዘሮ አስካለ አሳዩ፣ እሳቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ከዚያ ሁለቱም ፈረሙ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

፱

ፎቶው አደባባይ ላይ ነው። ሰው ይቆማል፣ ከስሩ ያነባል፣ እየሳቀ ይሄዳል። ሳንቲም የወረወረ አላየሁም።

ለመጽሐፍ ያዘጋጀሁትን ይህን ጽሑፍ ለሚልኪያስ አነበብኩለት። ስሙን ፈቀደ፤ ጥርሱንም፣ ቲሸርቱንም። የጻፋት መስመር ላይ ስንደርስ አስቆመኝ።

«ፎቶውንም እሷንም ተያቸው። የፈቀድኩት ለአደባባዩ ነው፤ ለመጽሐፍ አላልኩም።»

እውነቱን ነው።

፲

ከፎቶው ስር፦

 

____________________

 

ሽማግሌ ልኬያለሁ። እስካሁን እንደ ቆሙ ናቸው።