አሥራ ስድስት ላይ የማያቆመው መሥሪያ ቤት

ትሕትና የኔትወርክ ባለሙያ ናት። ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርታለች፤ ኮንትራቱ የሚያበቃው ዛሬ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እስከዚያ የቋሚነት ደብዳቤ ከወጣላት ትቆያለች፣ ካልወጣላት ትሰናበታለች። ደብዳቤው እንዳይጻፍ ፋይሏ ጠፍቷል። ፋይሉ የት እንዳለ የማያውቅ ሠራተኛ ግን የለም።

ጠዋት መንገድ ቆፋሪዎች የሸጎሌውን ቅርንጫፍ ገመድ ከአፈሩ ጋር ዝቀው አወጡት። ሥራ አስኪያጁ አቶ አክሊል አስጠሯት።

«ሸጎሌ ተቆርጧል እያሉኝ ማሽኑ አለ ይላል። ምን ጉድ ነው?»

«ራውተሮቹ፣ መልእክት አቀባይ ማሽኖቹ፣ እኮ መንገዱን አያዩትም። ጎረቤት የነገራቸውን አምነው አንድ ይጨምሩበታል። ሽሮ ሜዳ ያለው ራውተር ‹ሸጎሌ ለእኔ አንድ እርምጃ ነው› ብሎ ነግሮት፣ የእኛው ሁለት ብሎ ያዘ። አሁን ገመዱ ሲቆረጥ የእኛው ‹አይዞህ፣ እኔ በሁለት አውቀዋለሁ› አለው። ያም አምኖ ሦስት አለ። የእኛው ያንን ሰምቶ አራት...»

«የት ሊደርሱ?»

«ቁጥሩ አሥራ ስድስት ሲሞላ መንገድ የለም ብለው ይተዉታል። ጥቂት ደቂቃ ነው።»

ይህ እንዳይመጣ ትሕትና ቀድሞ ደንብ አስገብታ ነበር፦ ወሬውን ከማን ሰማህ? ለእሱ መልሰህ አትንገረው። አቶ አክሊል ግን ደንቡን ሪፖርት ላይ ሲያዩት «መረጃ መደበቅ ነው! እኛ ጋ የሰማ ላልሰማ ያሰማ ነው» ብለው በማኅተም አስነሱት። ማኅተም ያረፈበትን ማን ደፍሮ ይነካል?

ትሕትና ወደ ፋይሏ ሄደች። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀና ሳይሉ፣ «መዝገብ ቤት ነው፣ ልጄ። ጉዲና ነው የነገረኝ» አሏት።

ደረጃውን ወረደች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጉዲና፣ «ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጋ ነው» አላት።

«በዓይንህ አይተኸዋል?»

«አይ፣ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«እሳቸው ደግሞ ከአንተ ነው የሰማሁት ይላሉ!»

«በቃ፣ ሁለታችንም እናውቃለን ማለት ነው» አለ፣ ደስ ብሎት።

ወጣች፣ ወረደች። መጀመሪያ ተስፋ አድርጋ፣ ኋላ ምልልሱን እየቆጠረች። አሥራ ስድስተኛው ላይ ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል ሆነ። ያን ጊዜ ደረጃው መሃል ቆመች። ራውተሮቹ ሸጎሌን ከተዉት ቆይተዋል፤ እሷ ብቻ ቀኑን ሙሉ ሰው አምና ስትመላለስ ዋለች። በራሷ አፈረች። ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ደህና ሁኚ ያላት ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ሽሮ ሜዳ ታክሲ ስትጠብቅ ጉዲና እየሮጠ መጣ።

«ትሕትና! ኔትወርኩ ከሞተ አራት ቀኑ ነው። አቶ አክሊል የት ናት እያሉ ያፈላልጉሻል።»

«ምን አልካቸው?»

«ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጋ ናት አልኳቸዋ።»

«እሳቸውስ?»

«መዝገብ ቤት፣ እኔ ጋ ነሽ ብለዋል።»

«ጉዲና፣ እኔ እኮ ተሰናብቻለሁ። ይኸው፣ ፊትህ ቆሜያለሁ!»

ጉዲና ከላይ እስከ ታች አያት፤ ግራ ተጋባ።

«እሱማ አየሁሽ» አለ። «ግን ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጋ ነሽ ብዬ ሪፖርት አድርጌያለሁ። በማርያም፣ ቶሎ ሂጂና እዚያ ሁኚልኝ፤ ውሸታም እንዳታደርጊኝ።»