ከፍለጋው የወጡት

የሆስፒታሉ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቀዶ ሐኪሙ በሩን በርግዶ ገና ሲገባ ደሟ ፈላ። አጠገቧ ቆመና የኮምፒውተሩን ስክሪን በጣቱ ይደበድብ ጀመር።

«ለነገው ስብሰባ ጥናት ፈልጊልኝ ብልሽ ሁለት መቶ አሥራ አራት! ግማሹ እኔ የምሠራውን ቀዶ ሕክምና የሚያጥላላ ነው። ‹ሞት› የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ አስወጪልኝ።»

«ዶክተር፣ ጥናት እንዲህ አይፈለግም።»

«አንቺ ወረቀትሽን ልቀሚ፣ ሕክምናውን ለእኔ ተይው!»

የታዘዘችውን አደረገች። ዘጠኝ ጥናት ቀረ፤ ዘጠኙም ቀዶ ሕክምናውን ያሞግሳል። የቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ነውና ምን እንደተፈለገና ምን እንዲወጣ እንደታዘዘ የሚያሳየውን የፍለጋ መዝገብ ከጀርባ አያይዛ እንዲፈርም ሰጠችው። አንድ መስመር ሳያነብ ፈረመና እያፏጨ ወጣ።

በማግስቱ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ አፉን ሞልቶ ስለ ዘጠኙ ሲያወራ፣ ሰብሳቢዋ የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «‹ሞት› የሚል ቃል ያለበት ሁሉ እንዲወጣ ታዟል።» ከዚያም ወደ እሱ ዞረው «ፊርማው ያንተ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ያን ጊዜ ሠራተኛዋ ከኋላ ወንበር ተነሥታ አንድ እቅፍ ወረቀት ቀዶ ሐኪሙ ፊት ዘረገፈችለት።

«የወጡት ሁለት መቶ አምስቱ እነዚህ ናቸው፤ እንዳሉኝ ወረቀቴን ለቅሜ መጥቻለሁ።»