ሰባት ደብተር ማካፈል

በመንደራችን የቤት ሥራ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የእኔ ስም ነበር። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ጉዴን ከሥሩ ለመናገር ነው። ከተራራው ወርጄ ታሩ በሚባሉት የሜዳው ገበሬዎች መካከል ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ማንጎው ዛፍ ሥር ሰብስቤ፣ "ቀን የማስተምረው ዘር ነው፤ ማታ ልጁ ብቻውን ካልሠራበት ወፍ ይለቅመዋል" እያልኩ እሰብክ ነበር። ገበሬዎች ናቸውና ዘርና ወፍ ሲባል ይገባቸዋል።

የቤት ሥራ መስጠት ቀላል ነው፤ ጣጣው ማረሙ ላይ ነው። አምስተኛ ክፍል ሃምሳ ስምንት ልጆች ነበሩኝ። ጠዋት ደብተራቸውን ገልጠው ዴስክ ላይ ያስቀምጣሉ። እኔ በግራ እጄ የሻይ ብርጭቆ፣ በቀኝ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ በመካከላቸው አልፋለሁ። ገጹ ከሞላ ራይት፣ ባዶ ከሆነ ኩርኩም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሁሉም ያልቃል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቀዩን ቀለም አይቶ "መምህር ማለት እንዲህ ነው" ብሎኝ ይሄዳል። እኔም አምኜው ነበር።

ከልጆቹ ሁሉ እንደ ሱክማቲ የሚተጋ አልነበረም። አምስት ጥያቄ ስሰጥ አሥር ሠርታ ትመጣለች። አባቷ ጃጋትራም የሰው መሬት እያረሰ የሚኖር፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። ትልቋን ልጁን በዘጠኝ ዓመቷ ለከተማ ሰው ገረድ እንድትሆን ሰጥቷት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያልሰጠ ድሃ አልነበረም። ሁለተኛዋን ግን አልሰጥም ብሎ ምሏል። የእኛ ትምህርት ቤት ከአምስተኛ ክፍል አያልፍም። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ የአውራጃው አዳሪ ትምህርት ቤት በነፃ ከሚቀበላቸው ሃያ ልጆች አንዷ መሆን። ፈተናው ደግሞ ለአንድ ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

"የኔን ልጅ ማን ይጥላታል?" ይለኝ ነበር ጃጋትራም።

"ማንም" እለው ነበር።

ወደቀች።

ውጤቱ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን፣ ተማሪው ከተበተነ በኋላ፣ ሱክማቲን አስከትሎ ቢሮዬ መጣ። በአንድ እጁ በቅጠል የተጠቀለለ ዲክሪ ይዟል፤ ሚስቱ የሩዝ ዱቄቱን በእንፋሎት አብስላ የላከችልኝ ነው። በሌላው እጁ በገመድ የታሰሩ ሰባት ደብተሮች።

"ራም ራም መምህር" ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። "ትኩስ ነው፣ ይብሉልኝ።"

"ምነው ጋሽ ጃጋትራም፣ ምን አስቸገረዎት?"

"ነገ አብረውኝ አውራጃ ይሂዱ። ልጄን ሸውደዋታል።"

"እነማን?"

"ፈታኞቹ ናቸዋ። የባለ መሬቶቹን ልጆች አስገብተው የኔዋን ጣሏት። የሒሳቡ ፈተና ማካፈል ብቻ ነበር ብላኛለች። ማካፈል ደግሞ ይኸው ነው።" ደብተሮቹን መታ መታ አደረጋቸው። "ማንበብ አልችልም፤ ራይትና ኤክስ ግን እለያለሁ። በየማታው በጣቴ እየተከተልኩ አየው ነበር። አንድ ኤክስ የለበትም። ይህን ፊታቸው ዘርግተው 'በሉ አስረዱን' ይበሉልኝ። እኔ ብናገር ማን ሊሰማኝ?"

ደሜ ፈላ። የባለ መሬቶቹን ነገር አውቀዋለሁ። "እንሄዳለን!" አልኩና ለማስረጃ የሚሆን ጥሩ ገጽ ልመርጥ የላይኛውን ደብተር ገለጥኩ።

612 ለ6 ሲካፈል፣ 12። ራይት።

1535 ለ5 ሲካፈል፣ 37። ራይት።

የአንድ ቀን ስሕተት ነው ብዬ ገጹን ገለጥኩ። ሌላ ደብተር አነሳሁ፤ ሌላም ደገምኩ። መካከል ላይ ዜሮ መግባት ባለበት ቦታ ሁሉ ዘላዋለች። መቶ ሁለት መሆን የነበረበት አሥራ ሁለት፣ ሦስት መቶ ሰባት መሆን የነበረበት ሠላሳ ሰባት ሆኗል። ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ ሙቀቱ እስኪገባ ድረስ፣ በተሰመረ መስመር፣ በንጹሕ ጽሕፈት፣ ያንኑ አንድ ስሕተት ሰባት ደብተር ሙሉ ስትለማመደው ከርማለች። ልማድ ደግሞ እንዴት እንደሚጸና ለወላጆች ስሰብክ የኖርኩት እኔው ነኝ።

ከታች ያለውን የመጀመሪያውን ደብተር ሳብኩት። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በእርሳስ፣ ቦታ ላለመያዝ የተሸማቀቀ በሚመስል ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ "መምህር፣ ያወረድኩት ቁጥር ለማካፈል ካነሰኝ ልዝለለው?"

ከጥያቄው ጎን ራይት አለ። ጅራቱ ረዘም ያለ፣ የእኔ ራይት።

ትዝ አለኝ። ያን ቀን ማካፈልን ጀምሬ ደወል ሲደወል፣ ዜሮ ያለበትን ሳላሳይ "የቀረውን ቤት ሥሩት" ብዬ ነው የወጣሁት። የቀረውን ልጅቷ ጠየቀችኝ፤ እኔም በራይቴ አዎ፣ ዝለይው አልኳት።

"ምን ይላል?" አለ ጃጋትራም።

እሱ ማንበብ አይችልም። ልጅቷ ግን ትችላለች፤ ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል ቆማለች። እሷ ባትኖር እዋሽ ነበር።

"ጋሽ ጃጋትራም፣ ማንም አልሸወዳትም። መልሶቿ ስሕተት ናቸው። እዚህም ስሕተት ናቸው። እንዴት እንደሚሠራ ጽፋ ጠይቃኛለች፤ እኔ ሳላነብ ራይት አደረግኩበት።"

"ሳያነቡ?"

"ሳላነብ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

ደብተሮቹን ቁልቁል አያቸው። እንዲጮህብኝ ጠበቅኩ፤ እውነቱን ለመናገር እንዲጮህብኝ ተመኘሁ። እሱ ግን ወደ ልጁ ዞረ።

"አንቺ፣ አፍ የለሽም? መምህር ያን ሁሉ ልጅ ይዘው የአንቺን ጭረት ሲፈልጉ ይዋሉ? ይኸው አሳፈርሻቸው። በይ እግራቸው ላይ ውደቂና ይቅርታ ጠይቂ።"

"ተዉ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሱክማቲ አጎነበሰች፤ በሁለት እጇ ጫማዬን ነክታ ግንባሯን ነካች፤ "ይቅርታ መምህር" አለች። እግሬን አልሰበሰብኩም። እጄ እንደ ለመደው ተነሥቶ ራሷ ላይ ዐረፈ፤ አፌም እግሬን ለሚነካ ልጅ ሁሉ የሚለውን ምርቃት አለ፦

"በርትተሽ ተማሪ፣ እደጊ፣ ትልቅ ቦታ ድረሺ።"

"ከአፍዎ ይቀበልልን" አለ ጃጋትራም፣ ደብተሮቹን መልሶ በገመዱ እያሰረ።