የአጎቴ ጥድ

አጎቴ በሸክላ ሳህን የተከላትን ጥድ ቅርንጫፎቿን በሽቦ እየጠመዘዘ አሥራ ሁለት ዓመት አሳድጓታል፤ ቁመቷ ግን ከክንዴ አይበልጥም። በድንክ ዛፎች ውድድር አምስት ጊዜ አወዳድሯት ባዶ እጁን ተመልሷል። በስድስተኛው ውድድር ዋዜማ ግንዷን በጥፍሬ ጫር ባደርገው ከቅርፊቱ ሥር እንደ ማገዶ ደርቋል።

«ጋሼ፣ ዛፏ እኮ ሞታለች።»

«አታሟርቺ! ቅጠሏ አረንጓዴ አይደለም እንዴ?»

«ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል ያልከኝ አንተው ነህ።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያው እስከ ነገ ትደርሳለች» አለ።

በማግስቱ ዳኞቹ ዙሪያዋን ዞሩ። «እንዴት ያለ እርጋታ ነው!» ብለው ዋንጫውን ሸለሙት።

አሁን ቅጠሏ ረግፎ አልቋል። አጎቴ ግን ዋንጫውን እንዳይቀሙት ፈርቶ፣ ለጠየቀው ሁሉ «እረፍት ላይ ናት» እያለ በየጠዋቱ ውሃ ያጠጣታል።