አራት አሮጊት ለአንድ ስም

ኢቫንቲያ ያን ዕለት ጠዋት ስትነቃ መጀመሪያ ያነጋገረችው ጉልበቷን ነው። «ዛሬን ብቻ» አለችው። «ነገ እንደፈለግህ ታመም፤ ከነገ ወዲያም እንደፈለግህ። ዛሬን ግን አደራህን።» ጉልበቱ እንደ ልማዱ ቋ አለ። እሺ ይበል እንቢ አልለየላትም።

ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያላት አንዲት ልጅ ዳናይ ናት፤ ዳናይም ያላት አንድ የአምስት ወር ወንድ ልጅ ነው፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ሌላ እንዳትመኚ ብለዋታል። ልጁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ክርስትና ይነሳል። ማን ተብሎ እንደሚነሳ ግን ሰማይም አያውቅም፤ ስሙ ገና አልተሮጠማ።

ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ባለች የግሪክ መንደር የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወስዳል። የአባቱ አባት ደግሞ ባርባ ትራሲቩሎስ ነው። «ባርባ» ማለት አጎት ማለት ነው፤ መንደርተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ በወጣትነቱ የአውራጃው የአምስት ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ነበር፤ ዛሬም በየማለዳው ቁምጣውን ታጥቆ፣ ቆቡን ደፍቶ የመንደሩን ረጅም ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወጉ ከእሱ ጋር ነው። ኢቫንቲያ ግን የባሏን የአርጊሪስን ስም ፈለገች። ይህ ልጅ ካልተጠራበት ያ ስም የመቃብር ድንጋይ ላይ ብቻ ተጽፎ መቅረቱ ነው። ዳናይና ባሏ ከሁለቱ መሃል ሲንገላቱ ከርመው፣ «እናንተ ተስማሙና ንገሩን፤ እኛ ደክሞናል» ብለው ነገሩን ጣሉላቸው።

እንዳይስማሙ ያደረጋቸው ቡና ቤቱ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የድሮ ኦሎምፒክ ፊልም ያሳይ ነበር። ትራሲቩሎስ ወንበሩን ወደ መሃል ጎተተ፤ ወንበሩን ወደ መሃል ከጎተተ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አይነሳም።

«ታላቅ ነገር የሚሠራው አንድ ሰው ብቻውን ነው» አለ። «ያ የማሩሲው ውኃ ሻጭ በመጀመሪያው ኦሎምፒክ ማራቶኑን ሲያሸንፍ ማን አገዘው? የቼኩ ዛቶፔክስ? ሄልሲንኪ ላይ አምስት ሺውን ወሰደ፣ አሥር ሺውን ወሰደ፣ ከዚያ በዕድሜው ሮጦት የማያውቀውን ማራቶን እስቲ ይህንንም ልቅመሰው ብሎ ገባና እሱንም ወሰደ። ያ ኢትዮጵያዊስ? ማንም ሳይጠብቀው ሮም መጥቶ ዓለምን አስከትሎ አልሮጠም? ማን ነው ዱላ ያቀበላቸው?»

«ጎበዝ ሲያሸንፍ ምኑ ይገርማል?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ፖሊክሴኒ። ሰፊ ሴት ናት፤ ስትናገር ጠረጴዛው አብሮ ይናገራል። «እኔን የምትገርመኝ ፊጂ ናት። ካርታው ላይ ዝንብ አረፈበት ብለህ የምትጠርጋት አገር! ያለ አንዲት ሜዳሊያ ስትኖር ኖራ ሪዮ ላይ በራግቢ ብሪታኒያን እንደ ሊጥ ዳመጠቻት።»

«ናይጄሪያስ?» ኢቫንቲያ ተቀበለች። «አትላንታ ላይ በኳስ መጀመሪያ ብራዚልን፣ ቀጥሎ አርጀንቲናን። የእኛዎቹ የውኃ ፖሎ ሴቶችስ? አቴንስ ላይ ማን ከቁም ነገር ቆጥሯቸው ነበር? በአንዲት ጎል ወርቁ አመለጣቸው እንጂ የብር ሜዳሊያ አጥልቀው ሲቆሙ አንተ ራስህ አልቅሰሃል።»

«ላብ ነበር።»

«ሶፋ ላይ ተቀምጠህ?»

ቡና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ትራሲቩሎስ ግን ሰው ሲስቅበት ይበልጥ ከምሩ ይሆናል። «ስሚኝ አማቼ» አለ። «ብቻውን የሚሮጥ ሰው እግሩ ሲከዳው የሚደግፈው የለም። ሽንፈቱን የሚያካፍለው የለም። ሁሉንም ለብቻው ነው የሚውጠው። የሚበልጠው ለዚህ ነው።»

ይህ እውነት ነበር፤ ኢቫንቲያም እውነት መሆኑን አወቀች። «ቡድን ደግሞ» አለች፣ «የሚሮጠው በደካማው እግር ነው። ደካማውን ጥሎ መሄድማ ማን ያቅተዋል? ደካማውን ይዞ መቅደም ነው ጭንቁ።»

«አይሆንም። አንድ ብርቱ አራት ደካማ ይበልጣል።»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ አሉ፤ አራት ከሆንንማ ቀብርህ ነው» አለች ፖሊክሴኒ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ትራሲቩሎስ ብድግ አለና ካህኑ አባ ፋኒስ በተቀመጡበት፣ መንደሩ ሁሉ በሰማበት እንዲህ አለ፦ «እኔ አንድ ሰው ብቻዬን፣ እናንተ አራት ሆናችሁ፣ ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን እስከ ዳናይ ደጃፍ። ከቀደማችሁኝ የልጁ ስም አርጊሪስ ይሁን።»

 ሰውየው ራሱ ያለውን የሰማው ከሌላው በኋላ ሳይሆን አይቀርም። ኢቫንቲያም ብድግ አለች። «ሟች መሮጥ አይችልም» አለች፤ «እኛ እንሮጥለታለን።»

ሕጉን አባ ፋኒስ ተናገሩ፤ አዲስ ሕግም አላስፈለጋቸውም። በመንደሩ ሕፃን ሲጠመቅ እናትየው ቤቷ ትጠብቃለች፤ ካህኑ ስሙን እንደጠሩ ልጆች በደረጃው ቁልቁል ይሮጡና ቀድሞ በሩ ላይ ስሙን የነገራት የለውዝ ከረሜላውን ይወስዳል። መድረስ ብቻ አይበቃም፤ ስሙን መናገር ያስፈልጋል። ዘንድሮ ግን ሩጫው ከጥምቀቱ ይቀድማል፣ የሚሮጡትም አያቶች ናቸው፤ ያው ደረጃ፣ ያው በር፣ ያው ሕግ።

ሁለቱ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ መንደሩ እስካሁን ሲያወራ ይስቃል። ቡድኑ ኢቫንቲያ፣ ፖሊክሴኒ፣ የካህኑ ሚስት አሲሚናና እማማ ዛምቤታ ነበር። ዛምቤታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ማንም ሳይጠራቸው መጥተው «አርጊሪስ ጣሪያዬን በነጻ ጠግኖልኛል፤ እሮጣለሁ» ብለው ቁጭ አሉ። ማን ደፍሮ ይመልሳቸዋል? እየተቀባበሉ ስለሚሮጡ ለዱላ የፖሊክሴኒ የሊጥ መዳመጫ ተመረጠ። ልምምዱ ዳቦ ቤቱ ጓሮ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰው ወደቀ፣ አንድ ድስት ተሰበረ፣ አሲሚና በሳቅ ትንፋሽ አጥሯት ውኃ ረጩባት። በቀጥታ ሩጫ ትራሲቩሎስን መቅደም እንደማይቻል ግን አራቱም ያውቁታል።

መላው የመጣላት ለኢቫንቲያ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ሦስት ትንንሽ ጸሎት ቤቶች አሉ፤ የቅድስት ፓራስኬቪ፣ የቅዱስ ኤሌፍተርዮስና የቅዱስ ኒቆላዎስ። የዚያ መንደር ሰው በጸሎት ቤት ደጅ ሳይቆምና ሦስት ጊዜ ሳያማትብ አያልፍም፤ ቤቱ ቢቃጠልም አያልፍም። ትራሲቩሎስ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ቆቡን ያወልቃል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀጥ ብሎ ቆቡን ይደፋል።

«መቀባበያችን እዚያው በየጸሎት ቤቱ ደጅ ይሁን» አለች ኢቫንቲያ። «የምትጠብቀው ቆማ ስትጠብቅ ታማትባለች። የመጣችው መዳመጫውን ሰጥታ ታማትባለች። መዳመጫው ግን አይቆምም።»

ሴቶቹ ተያዩ። አሲሚና ኃጢአት እንዳይሆን ፈርታ ባሏን ልትጠይቅ ሄደች፤ አባ ፋኒስ ጢማቸውን ዳሰሱና «እግዚአብሔር ሰዓት አይዝም» ብለው መለሷት።

እንግዲህ ያ ቀን ደረሰ። መንደርተኛው ደረጃውን ግራና ቀኝ ሞላው፤ በረንዳ ላይ ወንበር የወጣለት ሰው ነበር። አባ ፋኒስ ደወሉን አንዴ መቱ።

ትራሲቩሎስ ተፈተለከ። ሰውየው ሲሮጥ ያምራል፤ እንዋሽ ብንል እንኳ አይቻልም። አሲሚና ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ደረጃውን እንደ ፍየል ትወርዳለች። ቅድስት ፓራስኬቪ ደጅ ሲደርስ ሃያ ደረጃ ቀድሟት ነበር። ቆመ። ቆቡን አወለቀ። አማተበ፣ አማተበ፣ አማተበ፣ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፖሊክሴኒ መዳመጫዋን ይዛ ከፊቱ እየሄደች ነበር።

ወፍራም ሰው ቁልቁለት ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ያልገመተ ያን ቀን አየ። ፖሊክሴኒ አትሮጥም፤ ትወርዳለች እንጂ። «ዞር በሉ፣ መቆሚያ የለኝም» እያለች መጣች፣ ሰውም ነፍሱን ይዞ ዞር አለ። ትራሲቩሎስ ቅዱስ ኤሌፍተርዮስ ጋ ሊደርስባት ሲል ደግሞ ቆቡ ወለቀ፣ እጁ ተነሳ፣ ወገቡ ጎነበሰ።

ከዚያ ግን የእማማ ዛምቤታ ተራ ነበር። ሠላሳ ደረጃ ብቻ ነው የተሰጣቸው። አንዱን ደረጃ በሁለት እግር ይወርዳሉ፤ መዳመጫውን እንደ መስቀል በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው። «በርቱ እማማ» ይላል ሰዉ። «ዝም በሉ፣ ደረጃ እየቆጠርኩ ነው» ይላሉ። አምስተኛው ላይ ትራሲቩሎስ አለፋቸው። ሲያልፍ «ይቅርታ እማማ» አለ፤ «ሂድ ወዲያ» አሉት።

ኢቫንቲያ ቅዱስ ኒቆላዎስ ደጅ ቆማለች። አማትባ ጨርሳለች። ከታች የልጇን በር ታያለች፣ ሰማያዊ በር፣ ዳናይ ሕፃኑን ታቅፋ። ከላይ ትራሲቩሎስ ሲመጣ ታያለች፤ ዛምቤታ ገና ከኋላው ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቴ አማትቦም እንኳ ይቀድማቸዋል ወይስ አይቀድማቸውም፣ የፀጉር ስንጥቅ ያህል ነው። እሱም ያንኑ አሰላ መሰለኝ። በሩን አየ። ጸሎት ቤቱን አየ። ጭንቅላቱን ወደ ሌላ በኩል አዞረና ሳያማትብ አለፈ።

«ኡ» አለ መንደሩ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

ስምንት ደረጃ ወረደ። ኢቫንቲያ አለቀ ብላ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ሰውየው ኮሌታውን የያዙት ይመስል ቀጥ አለ። አንዲት ጸያፍ ቃል ተናገረ፣ ለዚያችም ይቅር በለኝ አለ። ከዚያ ዞሮ ዘጠኙን ደረጃ ሽቅብ ሮጠ። ቆቡን አወለቀ። ሦስቴ አማተበ፣ አራተኛ ለካሣ ጨመረ። በዚያ መሃል አንድ ቀዝቃዛ፣ ሊጥ የደረቀበት እንጨት ኢቫንቲያ መዳፍ ላይ ገባ። «ሠላሳ» አሉ እማማ ዛምቤታ። «ሂጂ።»

ሄደች። ጉልበቷ ቋ አለ፣ ደግሞ ቋ አለ፣ እሷ ግን አልሰማችውም። በዕድሜዋ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ለምን እንደምትስቅም አታውቅም፤ እየሳቀች እየሮጠች፣ መሐረቧ ከራሷ ወልቆ፣ መዳመጫዋን አየር ላይ እየወዘወዘች ደረጃውን ጨረሰች። የትራሲቩሎስ ጫማ ከኋላዋ ሲቀርብ ይሰማታል። የሰማያዊውን በር መቃን ያዘች። ቀድማለች።

አሁን የቀረው አንዲት ስም መናገር ነው። ዳናይ ዓይኗን ተክላ ትጠብቃለች። ኢቫንቲያ አፏን ከፈተች፣ ስሙ አልወጣም።

ትንፋሽ ያጠራት መስሏት ነበር። ትንፋሽስ ነበራት። ያኔ ነው የገባት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ጠርታው አታውቅም። «አባትሽ» ስትል፣ «ሟቹ» ስትል ነው የኖረችው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከጓዳ ሆና በጠራችው ቁጥር ከጓሮው «አቤት» ይላት ነበር፤ አሁን ብትጠራው ማን አቤት ይላታል? ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ትራሲቩሎስ ደረሰ። ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ፣ ተመለከታት፣ ስሙ ለምን እንዳልወጣላት ገባው። ሰው ሁሉ እሱን ያያል፤ በሩ ከፊቱ ነው፣ ዳናይም ከፊቱ ናት።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «በይ እንጂ አማቼ። እኔ ትንፋሼ የተመለሰ ዕለት የራሴን ስም ነው የምናገረው፤ አልምርሽም፤ ክፉ ሰው መሆኔን ታውቂያለሽ።»

ይህን ሁሉ ለመናገር ትንፋሽ የበቃው ሰው አንዲት ስም መናገር አያቅተውም። ይህን እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ኢቫንቲያም አወቀች። ክንዱን ያዘች።

«አርጊሪስ» አለች።

ሕፃኑ ከእናቱ ትከሻ ላይ ዞር ብሎ አያት። እጁን ዘረጋና «ኤ» አለ። መዳመጫውን ፈልጎ ይሆናል፤ አምስት ወር የሆነው ልጅ ሌላ ምን ይፈልጋል? ኢቫንቲያ ግን ደግማ ጠራችው፣ ከዚያም ደግማ፤ እሱም በጠራችው ቁጥር መለሰላት።