ጠብታ የሌለበት ካርቶን

...እንግዲህ ይቅርታ ልጠይቅ፣ አንድ የተከበረ ጡረተኛ ስለ ቁራጭ ካርቶን ይህን ያህል መጨነቁ ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፣ ዓለም ላይ ስንት ጉዳይ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ጣሪያችንም ያፈሳል፣ እኔ ግን እሑድ ረፋድ ላይ ኮቨንትሪ ውስጥ፣ በገዛ ጋራዤ፣ መሪ ጨብጬ ተቀምጬ ካርቶን አስባለሁ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ይቅር ይበለኝ።

ካርቶኑ ደረቅ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ዶሮ ሲያድርባት የኖረች ባለ ሁለት ወንበር፣ የስድሳዎቹ ስፖርት መኪና፣ በአራት ሣጥን ተበታትና መጣች፣ እያንዳንዷን ቡሎን በነዚህ ጣቶች አጠበቅኩ፣ ኪሴ ውስጥ የተረፈችውን አንዲት ቡሎን ሳልቆጥር፣ ስለሷ አልናገርም፣ የሞተሩን ክዳን ቀብቼ በሚስቴ በሞይራ ምድጃ አደረቅኩት፣ የዚያን ዓመት የገና ሥጋ ቀለም ቀለም አለ፣ እናቷ ግን ምን ዓይነት ቅመም ነው ብላ ሁለቴ አስጨመረች፣ ካምቢዮው፣ የማርሽ ሣጥኑ ማለቴ ነው፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ሲከርም ሞይራ እህቷ ቤት እየሄደች ታጠበች፣ ሦስት ወር፣ አንድም ቀን አልጮኸችብኝ፣ መጮኽ ነበረባት፣ ዝምታዋ ነው የሚያስፈራኝ። ዛሬ ግን አለቀች። አለቀች! ጥቁር አረንጓዴ፣ ፊትህን የምታይባት፣ እንዲያውም ከመታጠቢያ ቤታችን መስታወት ይልቅ እሷ ላይ አምራለሁ።

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የአሮጌ መኪና ማኅበራችን ሰዎች ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ከፊት ጎረቤቴ ኖርማን፣ የመጎተቻ ገመድ ትከሻው ላይ ጠምጥሞ፣ አይ ኖርማን፣ በያመቱ ዘንድሮም አልወጣችም? እያለ ያቃጠለኝ፣ ገና ሰሞን መጠጥ ቤት አራተኛውን ብርጭቆ ስጨርስ ጠየቀኝ፣ እኔም ሞይራ ትሙት! ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት፣ በራሷ ሞተር ከግቢዬ ካልወጣች ገመድህን ይዘህ ና፣ ያንተ ናት አልኩ፣ ሞይራ አጠገቤ ነበረች፣ ለመኪናህ ብለህ እኔን ለምን ትገድለኛለህ? አለች፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ መሐላው ግን መሐላ ነው። አሁን ለስድስት ሃያ ጉዳይ።

ሰዓቱ አይደለም ያስጨነቀኝ። ካርቶኑ።

በኛ ወገን ሕግ አለ፣ ያልተጻፈ፣ ስለዚህም የማይጣስ፣ በእያንዳንዱ መኪና ሥር ካርቶን ይነጠፋል፣ የዘይቱ ጠብታ የት እንዳረፈ ታይቶ የመኪናው ጤና ይነበባል፣ የማታፈስ መኪና ወይ ውሸት ናት ወይ ባዶ ናት ይላሉ ሽማግሌዎቻችን። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት፣ ኩራት ሲያሳብደኝ፣ ኖርማን ና እስቲ እይ አልኩት፣ ሞተሯ ከገባ አራት ቀን፣ አንዲት ጠብታ ታያለህ? አጎነበሰ፣ አየ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ፣ ስማ ዴዝ፣ ለመሆኑ ዘይት አለባት? አለኝ፣ አሥራ አንዱም ሳቁ፣ ከሁሉም አብልጬ እኔ ሳቅኩ።

እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ቀኖቹን መቁጠር ጀመርኩ።

ዘይት ጨምሬያለሁ? ሐሙስ... ሐሙስ መስታወቱን ገጠምኩ፣ ዓርብ ወንበሮቹን፣ ቅዳሜ ሰም ቀባኋት፣ ቀኑን ሙሉ፣ ሁለቴ፣ ዘይቱስ? ቆርቆሮው ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ዞሬ ካየሁ ያዩኛል። በደረቁ ካስነሳኋት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሁለት ደቂቃ ይቃጠላል፣ ወርጄ ሊቤሎውን፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን፣ ከመዘዝኩ ደግሞ ማኅበሩ እስክሞት አይለቀኝም፣ ቀብሬ ላይ ሁሉ ይጠይቃሉ፣ ዘይት አለበት? ጨዋ ሰው ሞተሩን ይመርጣል። ጣቴን እያት፣ ቁልፉ ላይ ናት፣ ጨዋ አይደለሁም ማለት ነው፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ማወቄ ነው፣ አዙረው፣ አዙረውና የመጣው ይምጣ...

አይ። ዶሮ ሲያድርባት ነው የወደድኳት። ይሳቁ።

እጄን አነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬ መሬት ነክቷል፣ ኖርማን ብዬ አፌን ስከፍት ሞይራ ሻይ ይዛ በሰዎቹ መሃል ትመጣለች፣ በሩን በዳሌዋ ገፍታ ትዘጋብኛለች፣ ተቀመጥ ዴዝመንድ፣ ስትቆጣ ብቻ ነው ሙሉ ስሜን የምትጠራው፣ ወደ ጆሮዬ ትጎነበሳለች፣ እጅጌዋ ላይ ማር የመሰለ ነጠብጣብ አለ፣ ጠዋት አንተ ጢምህን ስታበጥር እኔ ዘይቱን ሞላሁት፣ ቆርቆሮው አልተከፈተም ነበር። አንቺ? አዎ እኔ። ሊቤሎውን አየሽ? ሁለት ጊዜ። ከየት ተማርሽ? አንተ ሰውዬ፣ ያንን የጥገና መጽሐፍህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በራት ሰዓት አነበብክልኝ፣ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ አሁን ዝም በልና አስነሳት።

አዞርኩ። ሳል። ዝምታ። የኖርማን ገመድ ከትከሻው ይወርዳል፣ እንደገና፣ ሳል፣ ጭስ፣ ከዚያ፣ ኧረ ድምፅ! ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ፣ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፣ ሞይራ ከነሽርጧ ዘላ ገባች፣ ሻይዬ እጇ ላይ ነው፣ ፍሪሲዮን፣ አንደኛ ማርሽ፣ ብርሃን፣ ካፊያ፣ ከበር ወጣን! በራሷ ሞተር፣ ለስድስት አራት ደቂቃ ሲቀረው፣ አደባባዩን ሦስት ጊዜ ዞርን፣ አንዴ ለመኪናዋ፣ አንዴ ለኖርማን፣ ሦስተኛው ሞይራ ድገመው ስላለችኝ።

ስንመለስ የት አቆምኳት? ኖርማን ትናንት አጥቦ ባነጣው የግቢው ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነዋ። ወረድን። ሁሉም አጎነበሱ። ጠብ። አንዲት፣ ክብ፣ እንደ ወርቅ። ኖርማን ንጣፉን ያያል፣ ጠብታዋን ያያል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ታፈሳለች፣ ይላል በተሰበረ ድምፅ፣ እውነተኛ ናት፣ እጄን ይጨብጣል፣ ዘይቱን ግን መቼ ሞላህ ዴዝ? ማለዳ፣ እላለሁ በታላቅ እርጋታ፣ ሞይራ ሻይዬን ፉት ትላለች፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ አታነሳም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ያለች ሴት አሁንም ዝም ትላለች።

ስለዚህ አደራ፣ በዚህ ጭንቅላት ውስጥ ሆናችሁ ይህን የሰማችሁ ካላችሁ፣ ለኖርማን አትንገሩ፣ መኪናዋ ወጥታለች፣ ወሬው ጋራዥ ውስጥ ይቅር።