የዶክተር ነዚፋ የመጀመሪያ ጉርሻ

ልጄ ነዚፋ ዶክተር የሆነች ዕለት አትላንታ ሥራ ፈትታ ዋለች። ከሎረንስቪል እስከ ሚድታውን መኪናው ቀጥ ብሎ የቆመው በሌላ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኞች ናቸው። ስሟ ሲጠራ በእልልታዬ የአዳራሹ ጣሪያ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ባለቤቴ አስማ "ወንድ እልል አይልም፣ ተቀመጥ" ብትለኝ "ዶክተር ያልወለደ ነው የማይለው!" አልኳት። ነዚፋ የተማረችው የውሃ ምህንድስና ነው። አንዲት ጠብታ አሳዩአት፣ ከየት ወንዝ እንደመጣች ትነግራችኋለች።

ግብዣው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ በተከራየነው አዳራሽ ነበር። አንድ ሺህ ሰው ጠርቻለሁ። አስማ ሰባ ነው ትላለች፤ እሷ ቁጥር ላይ ንፉግ ናት። ከሺሁ መሀል ግን ነዚፋ በር በሩን የምታየው ለሁለት ሰው ብላ ነው። አንዷ ጥናቷን የመሩላት ፕሮፌሰር ማርጋሬት ናቸው። ሌላው ጋሽ ሕሩይ፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ የሎረንስቪል ጎረቤታችን።

ነዚፋ በልጅነቷ ከአገር ስትመጣ፣ እንግሊዝኛው ገና አፏን ሳያሟሽ፣ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አልጀብራ ያስተማሯት ጋሽ ሕሩይ ናቸው። "ውለታዎን በምን እንክፈል?" ስንላቸው "የመጨረሻውን ዲግሪ ስትይዝ በእጇ ታጉርሰኝ። ከማንም በፊት፣ እኔን" አሉ። ልጄ ይህቺን ቃል እንደ አደራ ይዛ ነው እዚህ የደረሰችው።

እኛ ወሎዬዎች ነን። እስላምና ክርስቲያን በአንድ ድንኳን ይጋበዛል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ማንም በማንም አይቀየምም። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ክርስቲያኑም ጾም ላይ አልነበረም። ስለዚህ አስማ የእኛን ቀይ ወጥ፣ ጎረቤታችን ትዕግስት የእነ ጋሽ ሕሩይን ቀይ ወጥ፣ እኛው ቤት ጎን ለጎን ሠሩ። ድስቱም ማማሰያውም ለየብቻ፤ በርበሬው ብቻ ከአንድ ከረጢት። ከዚያ በሁለት ትልልቅ ትሪ ገልብጠው በፎይል ከደኑት፤ በእኛው ክዳን ላይ አረንጓዴ፣ በእነሱ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፈው ለእኔ አስረከቡኝ።

"አንተ ሰዒድ፣ ወሬ ሳታበዛ ቀጥ ብለህ ሂድ" አለች አስማ።

ቀጥ ብዬ ነው የሄድሁት። ቫኔን ከአዳራሹ ኋላ ፓርክ እንዳደረግሁ ግን ወንድሜ ጣሪቅ ከደሴ በቪዲዮ ደወለ። "እስቲ ድግሱን አሳየኝ" አለ። እንግዲህ ለወንድሜ ፎይል አላሳየውም! ሁለቱንም ገለጥሁ። "የሐይቅን ውሃ ታውቃለህ? ይኸኛው ይሰፋል" እያልሁ፣ ከወዲህም ከወዲያም እንዲታየው ትሪዎቹን አዟዟርኳቸው። ከኋላዬ አንድ መኪና ጡሩምባውን ሲያንባርቅብኝ ክዳኖቹን አፈፍ አድርጌ ከደንሁና ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣቸው ነው የባነንሁት። አረንጓዴውን የቱ ላይ ነው የከደንሁት?

አስማን ጠርቼ በጆሮዋ ነገርኳት። ሁለቱን ትሪ ገልጣ አየች። ትዕግስትም መጥታ አየች።

"መንታ ናቸው" አለች ትዕግስት።

"ቅመሱና ለዩዋ!" አልሁ።

"የቱን ነው የምቀምሰው አንተ? የኔ መስሎኝ የሷን ልጉረስ?" አለች አስማ።

ከዚያ ወዲያ ወሬው አዳራሹን ለመዞር እኔን አላስፈለገውም። ከኋላ አንዱ "ዶክተሯ ትመርምረዋ!" ሲል ነዚፋ "ውሃ ነው የተማርኩት፣ ወጥ አይደለም!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። የምረቃ ካባዋን እንደለበሰች፣ እንጀራ በእጇ ይዛ፣ ጋሽ ሕሩይ አጠገብ ቆማለች። እሳቸውም ለዚህች ጉርሻ ብለው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ ነው የመጡት።

"አባዬ፣ የትኛው ነው?" አለችኝ።

"ወላሂ በልና ጠቁም" አለች አስማ።

ጋሽ ሕሩይም "ሰዒድ የጠቆመውን እበላለሁ" አሉ፤ አበቃ።

ጣቴ ተነስቷል። ወደ አንዱ ብቀስር ማን ያውቅብኛል? ድግሱ ይሞቃል፣ ልጄ ቃሏን ትሞላለች፣ እኔም ጀግና ነኝ። እኔ እንኳን ትሪ፣ ተራራ ለመጠቆም ወደኋላ የማልል ሰው ነኝ። ግን ሽማግሌው አፋቸውን ለእኔ ቃል አሰናድተዋል፤ ወላሂ ደግሞ እንደ ሺህ እንግዳ አይደለም፣ አይጨመርበትም።

"አላውቅም" አልሁ።

እስከዚያች ዕለት ድረስ ይህቺ ቃል ከአፌ ስትወጣ የሰማ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሕሩይ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ደግ አደረግህ" አሉኝ።

ፕሮፌሰሯ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነዚፋ ነገረቻቸው። ሴትዮዋ ሥጋ አይበሉም ኖሯል። ለካስ አስማ፣ እኔ "በልጄ ድግስ ላይ ሽሮ እንዳላይ" ብዬ ስፎክር፣ ተደብቃ ለእሳቸው ብቻ አንዲት ሳህን ሽሮ ሠርታለች! ፕሮፌሰሯ ሳህናቸውን ወደ ነዚፋ ገፋ አደረጉና "ይሄስ ይሆናል?" አሉ።

"ሽሮ ሃይማኖት የለው!" አለች ትዕግስት።

ነዚፋ የካባዋን እጅጌ ሰብስባ ጠቀለለች። ጉርሻ አትበሉት፣ ትራስ ነው። ጋሽ ሕሩይ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጎረሱ። አላምጠው እስኪውጡ ሺህ ሰው ትንፋሹን ያዘ።

"ጨው አንሶታል" አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። "አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገሚኝ።"

ደገመቻቸው። ቀጥሎ ፕሮፌሰር ማርጋሬት ጎረሱ፤ ቀጥሎ እናቷ፤ ከዚያ ሰልፉ በሩን አልፎ ፓርኪንጉ ድረስ ተዘረጋ። ሁሉም ከዶክተሯ እጅ ካልጎረስሁ አለ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሁለቱን ትሪ ወጥ አብረዋት የሚሠሩት አሜሪካኖች፣ የታረደው በማን ይሁን በማን ግድ የሌላቸው፣ እየተሻሙ ጨረሱት።

እኔ ዘንድ ስትደርስ ሳህኑ ተጠርጓል። ነዚፋ በእንጀራ ዙሪያውን አዳረሰችውና ጥርግ አድርጋ ጠቀለለች።

"አባዬ፣ አፍህን ክፈት።"

ከፈትሁ። መናገር ፈልጌ ነበር፤ ጉርሻው ግን አፌን ሞላው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዝም አለ!" አለች አስማ።